ከሳሙናው ጋር የቆየ ደብዳቤ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሳጥኑ መጣ። ያመጣው ግን ዛሬም ሾፌሩ ነው። እጅዬ በሩን እንደከፈተች ዓይኗ የሾፌሩን ትከሻ አልፎ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቃኘው፤ የፈለገችው ሰው አልነበረም። ይኸው አምስት ሳምንት ሆነ። ሾፌሩን ስለ ጤናው ጠየቀችው። እሱም እንደ ሰሞኑ ልማዱ የጫማውን ጫፍ እያየ ደህና ነኝ ብሎ፣ ያለፈውን ሳምንት ባዶ ሳጥን ተቀብሎ፣ ውሻ እንዳባረረው ሰው ፈጠን ፈጠን እያለ ሄደ።

"እጅዬ" እናቷ ያወጡላት ስም አይደለም። የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። ከአራት ዓመት በፊት ስልኳን ከሳፋ ጋር አስደግፋ ስለ እድፍና ስለ ሳሙና ማውራት ስትጀምር ፊቷን ማሳየት አፈረችና እጇን ብቻ ቀረጸች። ሰው እጇን ወደደላት። ውሃ የበላው፣ ጥፍሩ ያጠረ፣ የሚሠራ እጅ ነው። "እጅዬ፣ የዘይት እድፍ በምን ይለቃል?" "እጅዬ፣ ምነው ሰሞኑን ጠፋሽ?" እያሉ የሚጽፉላት አራት ሺህ ያህል ተከታዮቿ ናቸው ስሙን ያወጡላት።

ከሳሙና ቤቱ ጋር የተዋወቀችው በነቀፌታ ነው። ገና በጀመረችበት ወር አንድ ሳሙና ገዝታ ሞከረችና የቀላ መዳፏን ለካሜራው ዘርግታ፣ ይሄ ሳሙና እጄን በላኝ አለች። ሌላ ድርጅት ቢሆን ስሟን ለማጥፋት ይሮጥ ነበር። የሳሙና ቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም አባባ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ በእጃቸው ደብዳቤ ጻፉላት። ሳሙና ቅርጽ ማውጫው ውስጥ በፈሰሰበት ቀን ገና ሳሙና አይደለም፤ መደርደሪያ ላይ ስድስት ሳምንት ሲተኛ ነው ንዴቱ የሚወጣለት። አንቺ የገዛሽው ግን ቀኑ ሳይሞላ የወጣ ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ይኸው ከየሱቁ እየለቀምን ነው አሏት። መጨረሻ ላይም ሳሙናዬን የሚያሞግስ ሞልቷል፣ ሲበላ በላኝ የምትለኝ ግን አንቺ ብቻ ነሽ ብለው ፈረሙ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ አንድ ሕግ አወጣ። ሳሙና በየሐሙሱ ይፈሳል። ከእያንዳንዱ ፍሳሽ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳሙናዎች በትንሽ የእንጨት ሳጥን ተለይተው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ። ክዳኑ ላይ የፈሰሰበት ቀን ይጻፋል። ስድስት ሳምንታቸው ሲሞላ፣ ከሱቅ በፊት፣ ወደ እጅዬ እጅ ይሄዳሉ። አባባ ደግሞ ሳሙናው በፈሰሰበት ዕለት ደብዳቤ ጽፈው ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ደብዳቤውም ከሳሙናው ጋር ይደርቃል። እሷም መልሷን ባዶው ሳጥን ውስጥ፣ ከታች ከተነጠፈው ወረቀት ሥር አድርጋ ትልካለች። ሲያወሩ ሁልጊዜ አንዱ ከሌላው ስድስት ሳምንት ወደኋላ ነበር። ሁለቱም ለምደውታል።

ሳጥኑን ለማምጣትና ባዶውን ለመውሰድ በየሐሙሱ ይመጣ የነበረው የአባባ ልጅ ነው። ኬሚስት ነው፤ ዘይቱንና ካስቲክ ሶዳውን መዝኖ የሚቀላቅል እሱ ስለሆነ ሠራተኞቹ "ሚዛን" ይሉታል። ስሙ የወጣለት ግን ስለ ንግግሩም ጭምር ነው። ደፍ ላይ ይቆማል፣ ሳጥኑን ይቀበላል፣ እጇን ያያል፣ ቀና ብሎ ዓይኗን ያያል፣ ከዚያ ስለ አየሩ አንድ ነገር ይላል። ዓመት ሙሉ እንዲህ። ለመጨረሻ ጊዜ የመጣ ዕለት ግን ሳጥኑን ይዞ ትንሽ ቆየና፣ የምነግርሽ ነገር አለ፣ ዛሬ ግን አይደለም አላት። እናቷ ከውስጥ ሰምተው ኖሮ፣ እሱ እንደሄደ "ይሄ ልጅ ቃል በግራም ነው እንዴ የሚሸጠው?" አሉ።

በሳምንቱ ሥራ ላይ ሳለች ደወለላት። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ እንደ ባቡር ይጮሃል። አይሰማኝም፣ ጮክ በል አለችው።  ሲናገር ድምፁ የተሰነጠቀ ነበር፤ እሷ ማሽኑ ነው ብላ አሰበች።

"ይሄ የሚጮህበት ነገር አይደለም" አለ። "ደብዳቤ ይደርስሻል።"

ያን ዕለት አንሶላውን ሁሉ እየዘፈነች ነው ያጠበችው። ከዚያ ወዲህ ሳጥን በመጣ ቁጥር ክዳኑን የምትከፍተው እጇን እንኳ ሳታደርቅ ነው። በየሳምንቱ የምታገኘው ግን የአባባን ዘመም ያለ ጽሕፈት ነበር። ደስ ይላታል፤ ወዲያውም ቅር ይላታል። ደስታና ቅሬታ እንዲህ በአንድ ሳፋ ሲዘፈዘፉ አንዱ የሌላውን ቀለም እንደሚያበላሽ እንደ እሷ የሚያውቅ የለም። በአምስተኛው ሐሙስ ግን፣ ምናልባት ሚዛን ሐሳቡን መዝኖ ቀላል ሆኖ አግኝቶት ይሆናል ብላ ተስፋዋን ልትቆርጥ ደርሳ ነበር።

ለዚህ ይመስለኛል ያን ዕለት ከልኩ በላይ የሳቀችው።

የአባባ ደብዳቤ እንዲህ ይል ነበር፦ "ልጄ፣ የዚህኛው አረፋ ካነሰ ጥፋቱ የልጄ ነው፤ ከበዛ ግን የኔ ሙያ ነው። ሳሉ አልለቀቀኝም፤ ደረቴ እንደ አሮጌ ጋሪ ይንቋቋል። አይዞሽ፣ ሳሙና ቀምሼ አድራለሁ።"

ካሜራውን ከፍታ ደብዳቤውን ለተከታዮቿ አነበበችላቸው። ከዚያ እጇ በአረፋ ተሞልቶ፣ "አባባ፣ እርስዎ እኮ እንደ ሳሙናዎ ነዎት" አለች። "በደረቁ ቁጥር ይጠነክራሉ። ገና መቶ ዓመት መደርደሪያው ላይ ይቀመጣሉ።" ሳቀች፤ አረፋውን እፍ አለችው፤ ቪዲዮውን ለቀቀችው።

በማግስቱ የመጣላት መልእክት ሁለት መስመር ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ያለን የሥራ ግንኙነት ተቋርጧል። በእጅዎ ያለውን ሳጥን ይመልሱ። የላከችው የሚዛን ታላቅ እህት ናት፤ የሳሙና ቤቱን ቢሮ የምትመራው እሷ ነች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሳሙና ቤቱ ገጽ ላይ አዲስ ፊት ታየ። ስድስት መቶ ሺህ ተከታይ ያላት፣ እጇ ሳህን ነክቶ የማያውቅ የምትመስል ውብ ሴት፣ ሳሙናውን እንደ ጌጥ ከጉንጯ ጋር ይዛ።

እናቷ ስልኩን ተቀብለው አዩና መለሱላት። በአራት ሺህ ሰው ስድስት መቶ ሺህ ሰው አይመዘንም ልጄ፣ ይሄ ንግድ ነው፣ አትቀየሚ አሏት። እጅዬ ንግዱን ትረዳዋለች። ሰው ሱቁን ማስፋት ይፈልጋል። ያልገባት ሌላ ነው። አባባ እንዴት ዝም አሉ? በየሐሙሱ ልጄ የሚሏት ሰው እንዴት አንድ ቃል ሳይናገሩ አሰናበቷት? ሚዛንስ? ሄዶ ሄዶ የሚደርሰኝ ደብዳቤ ይሄ ነበር እንዴ? ለዚህ ነው የሚጮህበት አይደለም ያለኝ?

ይህን ስታስብ ያመማት ልቧ ብቻ አልነበረም፤ አራት ዓመት ሙሉ ሰው ነኝ ብላ የቆመችበት መሬት ነው የከዳት።

ማክሰኞ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ሁለት አውቶቡስ ቀያይራ ሄደች። የያዘችው ሁለት ሳጥን ነው፤ የሐሙሱንና ከአራት ዓመት በፊት የመጣውን የመጀመሪያውን። እሱን አባባ ራሳቸው ለመርፌና ክር ይሁንሽ ብለው ትተውላት ነበር። ክሩን አራግፋ እሱንም አመጣችው። ከእነሱ ምንም እንዳይቀርባት ፈለገች። ኩራት ነው፤ ግን የሚያለቅስ ኩራት።

ቢሮው የሚገኘው ሳሙናው ከሚፈስበት ክፍል አጠገብ ነው። የሞቀ ዘይት ይሸታል። ታላቅ እህት ከወንበሯ አልተነሳችም። ፊቷ ከስቷል፤ ከዓይኖቿ ሥር ጠቁሯል። ሳጥኖቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪና ሂጂ አለቻት።

እጅዬ አስቀመጠች። አልሄደችም። ብታሰናብቱኝ መብታችሁ ነው፣ ግን አባባን ሰላም ሳልል አልሄድም አለች።



"በአባቴ ስትቀልጂ አልበቃሽም?" አለች ታላቅ እህት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ሰዎች ከቪዲዮሽ ቆርጠው ላኩልኝ። 'ደርቀዋል' ትያለሽ፣ ትስቂያለሽ። አምስት ሳምንት ሙሉ 'እግዚአብሔር ያጽናችሁ' የምትል አንዲት ቃል ሳትተነፍሺ፣ በመጨረሻ የወጣሽ ቃል ይሄ ነው?"

"ምን ያጽናችሁ?" አለች እጅዬ።

 ዓይኗ ግድግዳው ላይ ሄደ። የአባባ ሽርጥ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ታጥቦ፣ ተተኩሶ። የሚሠራ ሰው ሽርጥ ተተኩሶ አይሰቀልም።

በዚህ መሃል ሚዛን የጎማ ጓንቱን እንዳጠለቀ ከማፍሰሻው ክፍል ወጣ። ሲያያት ቆመ። ዓመት ሙሉ ደፍ ላይ የቆመው ሰው ዛሬም ደፍ ላይ ቆመ፤ ዓይኑ ውስጥ ግን እሷ የምታውቀው ነገር አልነበረም።

"መጣሽ" አለ። "ዘገየሽ እንጂ መጣሽ።"

"መቼ ነው?" አለችው።

"ነግሬሽ የለ።"

"ምን ነገርከኝ?"

"ጽፌልሽ የለ።  አባቴ ሰኞ ሞተ፣ ሐሙስ ጻፍኩልሽ። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ፣ ሠራተኛው ሁሉ መጣ። እኔ በሩን የማየው አንቺን ነው። እሁድ አልመጣሽም። በቀጣዩም አልመጣሽም። በሳምንቱ ሾፌሩ ባዶውን ሳጥን ብቻ ይዞ ተመለሰ። ቢያንስ አንድ ቃል…"

ይህን ያህል ቃል አከታትሎ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። እያንዳንዱን ለብቻው መዝኖ ያስቀመጠው ይመስላል፤ አምስት ሳምንት ሙሉ።

"አንድም ደብዳቤ ካንተ አልደረሰኝም" አለች። "የደረሰኝ የሳቸው ነው። በየሐሙሱ። ያለፈው ሐሙስም ጽፈውልኛል። ሳል ይዞኛል ብለው ጽፈውልኛል። እኔ ሞተው… እኔ እኮ…" 

ወንድምና እህት ተያዩ። ደብዳቤዎቹ ከሳሙናው ጋር መደርደሪያ ላይ እንደሚተኙ ሁለቱም ያውቃሉ። ሐዘን ግን የሚታወቀውን ሁሉ ያስረሳል። አባታቸው ከሞቱ በኋላም በየሐሙሱ ከመደርደሪያው እየወረዱ ሲያወሯት እንደከረሙ ያን ሰዓት ነው የገባቸው።

"የኔስ?" አለ ሚዛን። "የኔ የት ገባ? ለእማማ ቁልፍ ሰጥቻቸው ነበር። ላኩላት ብዬ።"

እማማ ቁልፍ የመጋዘኑ ኃላፊ ናቸው። ከአባባ ጋር ቤቱን ከመሠረቱት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ወገባቸው ላይ የቁልፍ ዘለላ ስላለ ሲመጡ ከሩቅ ይሰማሉ። አሁንም ሳይጠሩ እየተንሿሹ መጡ፤ በሩ ተከፍቶ ሁሉን ሰምተዋል። ሚዛንን አዩት፤ እጅዬን አዩዋት።

"ላኩላት አልከኝ፤ ልልክላት አስቀመጥኩት" አሉ። "ዘይቱ እንዳይበላሽ በሐዘናችሁ መሃል ካፈሰስከው ሳሙና ጋር ሳጥኑ ውስጥ ነው ያለው። ቀኑ ሐሙስ ይሞላል። በዚህ ቤት ደብዳቤ ከሳሙናው ቀድሞ ወጥቶ ያውቃል እንዴ ልጄ?"

ሚዛን ጓንት ባጠለቀ እጁ ፊቱን ሸፈነ።

"በስልክ ልነግርሽ ነበር" አለ ከጓንቱ ሥር። "ጮክ በል አልሽኝ። አባቴ ሞተ ብሎ መጮህ አቃተኝ።"

ታላቅ እህት ገና አልተረታችም። እሱ ካልነገረሽ ሌላ ሰው አልነገረሽም ወይ አለች። ወዲያው ግን ድምጿ ወደቀ። ለማንም እንዳይወራ ያዘዘችው እሷ ነበረች። ሳሙናው ከሰውዬው ጋር ሞተ እንዳይባል፣ ገጹ ላይ እንዳይወጣ፣ ሾፌሩም በየደረሰበት እንዳይናገር። ይህን ለራሷ ስትናገር ሰሟት።

እማማ ቁልፍ ከዘለላቸው አንዱን ቁልፍ ለዩ። አባባ የሚጽፉበትን ትንሽ ክፍል ከሞቱ ጀምሮ የከፈተው የለም፤ ልጆቹ አልቻሉም። እሳቸው ግን በየሐሙሱ ይገቡ ነበር። የተመለሰው ሳጥን ውስጥ፣ ከወረቀቱ ሥር የሚያገኙትን ሁሉ ሳይከፍቱ የአባባ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ ነበር። አራት ዓመት ያደረጉትን ማን ያቁሙ አላቸው? ገብተው አምስት የታጠፉ ደብዳቤዎች ይዘው ወጡ።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል" አሉ። "ወረቀቱ ይኸው። ሞኟ እኔ ነኝ።"

ታላቅ እህት የመጀመሪያውን ከፈተችው። "አባባ፣ ሳሉ እንዴት ሆነ? ሐኪም ዘንድ ይሂዱ ስልዎ ሳሙና እቀምሳለሁ ብለው አያሹፉብኝ። እኔ ሆስፒታል ነው የምሠራው፤ መጥቼ ጎትቼ ነው የምወስድዎት…" እዚያ ድረስ ጮክ ብላ አነበበች። ከዚያ ሌላውን በልቧ አነበበች። ሦስተኛውን ስትከፍት ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከሞቱ ሦስት ሳምንት ለሆናቸው ሰው የአንገት ልብስ እየሠራሁልዎ ነው ይላል።

ሴትዮዋ ተነሥታ ጠረጴዛውን ዞራ መጣች። እጅዬ የምትመታት መስሏት ነበር። እጇን ያዘቻት። ውሃ የበላውን፣ የሚሠራውን እጅ።

"ቪዲዮውን አታጥፊው" አለቻት። "ሙሉውን አላየሁትም። አባቴ የጻፈውን ስታነቢ አልሰማሁም። ማታ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። ጥፋቱ የልጄ ነው ይላል አሉ።"

"አረፋው ካነሰ ነው" አለች እጅዬ።

"ሁልጊዜም እንዲህ ይለን ነበር" አለች ታላቅ እህት። ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት። ዕንባዋን ጠርጋም፣ ከአዲሷ ሴት ጋር የፈረምነው ተፈርሟል፣ ቃሌን አላጥፍም አለች። "የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳሙናዎች ግን ያንቺ ናቸው። እሷ ሳሙናውን ለሰው ታሳይልን፤ አንቺ ለኛ ንገሪን። እጅሽን ሲበላው በላኝ በይ። የአባቴ ሕግ ነው።"

መጋዘኑ ውስጥ ሳሙናዎቹ በየመደርደሪያው ተደርድረዋል፤ ከላይ የቆዩት፣ ከታች ገና የሚያልባቸው። እማማ ቁልፍ ሳጥኑን አውርደው ለሚዛን ሰጡትና እየተንሿሹ ራቅ አሉ፤ ከጆሮ ግን አልራቁም። ክዳኑን ከፈተ። ከሁለቱ ሳሙናዎች በላይ ሁለት የታጠፈ ገጽ ነበረ። የመጀመሪያውን ሰጣት።

ቆማ አነበበችው። አጭር ነው። አባባ እንዴት እንደሞቱ፣ የመጨረሻውን ፍሳሽ ራሳቸው እንዳማሰሉ፣ ሲተኙም የልጅቷ ሳጥን ተለይቷል ወይ ብለው እንደጠየቁ ይናገራል። አለቀሰች። ዕንባዋ ሳሙናው ላይ እንዳይወርድ ፊቷን ዞር አደረገች፤ በሐዘንም መሃል የሙያ ነገር አይረሳም።

ሁለተኛውን ገጽ ዘረጋላት።

"ይሄኛው አባባን አይመለከትም" አለ።

ወረቀቱን ተቀበለችው። ታጥፏል። ከጀርባው ቀለሙ በስሱ ይታያል፤ ጥቂት መስመር ነው። ዓመት ሙሉ የጠበቀችው እዚህ ውስጥ ነው። ጣቷ እጥፋቱን ነካ፤ ሊገልጠው ነበር። ከዚያ የሳጥኑን ክዳን አየች። ቀኑ ተጽፏል፤ ሁለት ቀን ይቀረዋል። ሐሙስ ዕለት ሳታውቅ የሳቀችው ሳቅ አሁንም ጆሮዋ ላይ ነበር፤ ዛሬ በዚያው ጆሮ ይህን መስማት አልሆነላትም። ለአባባ ያልተለቀሰ ልቅሶ አለባት። አምስት ሳምንት አምልጧታል።

ወረቀቱን እንደታጠፈ ሳሙናው ላይ መልሳ አስቀመጠችው፤ ክዳኑን ገጠመችው።

ሚዛን ደነገጠ። "የጻፍኩት እኮ አይለወጥም" አለ። "አሁን ብታነቢውም ያው ነው።"

"አውቃለሁ" አለችው። "ሐሙስ ይዘኸው ና። ሾፌሩን አትላክ።"

"እሺ።"

"ባዶውን ሳጥንም አንተ ትወስዳለህ።"

እንደ ልማዱ እጇን አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ዓይኗን አየ። የሷ ሳጥን አንድም ቀን ባዶውን ተመልሶ እንደማያውቅ አሁን እሱም ያውቃል። ስለ አየሩ ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው። ከመደርደሪያው ጀርባ ቁልፎች አንዴ ተንሿሹ፤ እማማ ቁልፍ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

በመልሱ አውቶቡስ መስኮት ዳር ተቀመጠች። ጭኗ ላይ ያቺ የመጀመሪያዋ ሳጥን ነበረች፤ ታላቅ እህት የመርፌና ክርሽ ነው ብላ መልሳላታለች። ለአባባ መንገዱን ሙሉ አለቀሰችላቸው፤ ማንም ሳይከለክላት፣ ማንም ሳያጽናናት። ከልቅሶዋ ጀርባ ሌላ ነገር ደግሞ ነበር። ወረፋ የያዘ ጨዋ ሰው ይመስል፣ ሳይገፋ፣ ሳያጉረመርም፣ ተራው ሐሙስ መሆኑን አውቆ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።